በቀደመው ቤት ላይ አዲስ ስለ መጨመር፤ በእንግሊዝ አገር ጥንታውያን ቤቶችና ሰፈሮች በሕግ የተጠበቁበት ታሪክ

ሰው ቤት ሲሠራ ለራሱና ለልጆቹ ይሠራል። ዳሩ ግን የቤቱ ዕድሜ ከሠሪው ዕድሜ ይረዝማልና፥ ሠሪው ካለፈ በኋላ እርሱ የማያውቃቸው ሰዎች ይገቡበታል፤ መንገደኛውም በየዕለቱ ያየዋል። ስለዚህ ያረጀ ቤት ሁሉ ሁለት ባለቤት አለው ለማለት ይቻላል። አንደኛው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ፊቱን እያየ የሚያልፈው ሕዝብና ገና ያልተወለደው ትውልድ ነው። ባለ ቁልፉ ልጆች በተጨመሩለት ጊዜ፥ ወይም ያረጁ ወላጆቹን አምጥቶ ሊጦር በፈለገ ጊዜ፥ አንድ ክፍል ልጨምር ቢል አሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን የጨመረው ክፍል የሰፈሩን መልክ የሚያበላሽ የሆነ እንደ ሆነ፥ ጉዳቱ በሁለተኛው ባለቤት ላይ ይወድቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ማን ይፍረድ? በምንስ ሚዛን ይመዝን? የእንግሊዝ አገር ሰዎች በዚህ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረው በሕግ ሥርዐት አበጅተውለታል። ክርክሩ የተነሣው በቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ምክንያት ስለ ሆነ፥ ከታወቁትም ፍርዶች አንዱ በአንድ የደብር ቄስ መኖሪያ ቤት ምክንያት የተፈረደ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሐፍ ለካህናትና ለምእመናን መተረክ የተገባ መስሎናል። ስለ እንግሊዝ አገር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ብዙ ሺህ የገጠርና የከተማ አብያተ ክርስቲያናት ታድሰው ነበር። ያሳደሱት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ገንዘባቸውንና ድካማቸውን የሰጡት ለእግዚአብሔር ቤት ክብር ብለው ነው። ዳሩ ግን ከመሐንዲሶቹ ብዙዎቹ፥ በሕንፃው ላይ በየዘመኑ የተጨመረውን አፍርሰው እነርሱ ወደ መረጡት ወደ አንድ ዘመን መልክ ሊመልሱት ይጥሩ ነበር። አሮጌውን የግድግዳ ልስን እየፋቁ ድንጋዩን አራቆቱት፤ ከልስኑም ጋራ በብዙ ስፍራ የጥንት ሥዕል ተፍቆ ጠፋ። ኋላ የገቡትን መስኮቶችና መቀመጫዎች አውጥተው፥ በጥንት ዘመን እንዲህ ሳይሆን አይቀርም እያሉ በግምት ሌላ ተኩ። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ሕንፃው ያማረ ይመስል ነበር፤ የአባቶች እጅ ግን ከላዩ ተወግዶ ነበር።

በመጋቢት 1877 ዊልያም ሞሪስ የተባለ ባለቅኔና የእጅ ጥበብ ሊቅ፥ በቴውክስበሪ ያለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ጆርጅ ጊልበርት ስኮት በሚባል በስመ ጥር መሐንዲስ እጅ ሊታደስ መሆኑን ሰምቶ፥ «አቴኒየም» ለሚባለው መጽሔት የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ወር ከወዳጆቹ ጋራ ሆኖ የጥንት ሕንፃዎች መጠበቂያ ማኅበርን አቋቋመ። ሰዎችም ማኅበሩን በቀልድ «የመፋቅ ተቃዋሚ» ብለው ጠሩት። የማኅበሩ ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። ያረጀ ሕንፃ በየጊዜው በሚደረግ ትንሽ እንክብካቤ ይጠበቅ፤ የሚያፈሰው ጣራ ይደፈን፤ የተሰነጠቀው ግድግዳ ይደገፍ፤ አዲስ ነገር መግባት ግድ የሆነ እንደ ሆነም አዲስነቱ ይታወቅ፥ አሮጌ መስሎ ተመልካችን አያታልል። ይህ ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ ሥራውን ይሠራል።

ማኅበር ይመክራል እንጂ አያዝምና፥ ነገሩ ወደ ሕግ መድረሱ አልቀረም። ጆን ለቦክ የተባለ ባለ ባንክና የሳይንስ ሰው፥ በኤቭበሪ መንደር ያለው የጥንት የድንጋይ ክበብ ቤት ሊሠራበት መሆኑን ባወቀ ጊዜ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከገንዘቡ አውጥቶ መሬቱን ገዛ። አንድ ሰው ግን የአገሩን ቅርስ ሁሉ ሊገዛ አይችልምና፥ በ1873 የሕግ ረቂቅ ለፓርላማ አቀረበ። ብዙዎቹ የፓርላማ ሰዎች «የሰውን ርስት መንግሥት ምን አግብቶት ያዝበታል?» እያሉ ስለ ተቃወሙት ረቂቁ ደጋግሞ ወደቀ። በመጨረሻ በ1882 ሕጉ ወጣ፤ ነገር ግን ደካማ ነበር። በእንግሊዝ፥ በዌልስ፥ በስኮትላንድና በአየርላንድ 68 ስፍራዎችን ብቻ በዝርዝር አስገባ፤ እነዚያም በአብዛኛው የጥንት መቃብሮችና የቆሙ ድንጋዮች ነበሩ። ባለ መሬቱ በፈቃዱ ካልሰጠም መንግሥት ሊያስገድደው አይችልም ነበር።

በ1913 የወጣው ሕግ ከፊተኛው ይልቅ በረታ። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ከሥልጣኑ ውጭ አደረገ። አንደኛው ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፤ ሁለተኛው አገልግሎት የሚሰጥበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለ ሁለተኛው የተከራከሩት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ራንዳል ዴቪድሰን ነበሩ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃዎቿን የምትቈጣጠርበት የራሷ ፍርድ ቤትና የራሷ የፈቃድ ሥርዐት አላት፤ የደብሩ ቄስና ሽማግሌዎቹ ያለዚያ ፈቃድ ሕንፃውን ሊለውጡ አይችሉም። መንግሥትም ይህን ተቀበለ። ከዚያም በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱ በየሀገረ ስብከቱ የሕንፃ ዐዋቂዎች የሚገኙበት አማካሪ ጉባኤ አቆመች። ከመንግሥት ፈቃድ ነጻ መሆን ከኀላፊነት ነጻ መሆን እንዳይመስል ይህን ማሳሰብ ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ነጻነቱን ያገኘችው ራሷን በራሷ ለመቈጣጠር ቃል ስለ ገባች ነው። በውጭ በኩል አዲስ ሕንፃ ለመጨመር የሚወድ ደብርም እንደ ማንኛውም ሰው የግንባታ ፈቃድ ከምክር ቤቱ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሰው የሚኖርባቸው ጥንታውያን ቤቶች ግን ገና ጠባቂ አልነበራቸውም። ለእነዚህ መጠበቅ ምክንያት የሆነው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ በከተሞች ላይ በወረደ ጊዜ፥ የትኛው የተጎዳ ቤት ሊጠገን እንደሚገባውና የትኛው ሊፈርስ እንደሚቻል በችኰላ መለየት ግድ ሆነ። ስለዚህ የሕንፃ ዐዋቂዎች በየከተማው እየዞሩ መዝገብ ያዙ። በ1942 በሚያዝያ ወር ኤክሰተር፥ ባዝ፥ ኖርዊችና ዮርክ የተባሉት ጥንታውያን ከተሞች ተደበደቡ። ሕዝቡ ያባቶቹ መንገድ በአንድ ሌሊት አመድ ሊሆን እንደሚችል በዐይኑ አየ። በ1944 የወጣው ሕግ ጥንታውያን ቤቶችን በመዝገብ ለማግባት ፈቀደ፤ በ1947 የወጣው ደግሞ መዝገቡን የመንግሥት ግዴታ አደረገው። ይህ የ1947 ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 1948 ጀምሮ ሲሠራበት ሌላም ታላቅ ለውጥ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው በገዛ መሬቱ ላይ እንኳ አዲስ ሕንፃ ለማቆም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በ1882 የፓርላማ ሰዎች እንደ ድፍረት የቈጠሩት አሳብ በ66 ዓመት ውስጥ የአገር ሥርዐት ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ዐይነት ጥፋት መጣ። መንገድ ለማስፋትና አዲስ ሕንፃ ለማቆም ሲባል ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። በሎንዶን የዩስተን ባቡር ጣቢያ በር ሆኖ በ1837 የተሠራው ታላቁ የድንጋይ ደጅ፥ ብዙ ሰዎች እየለመኑ በ1961 መፍረስ ጀመረ። በባዝም ከተማ በመዝገብ የገቡት ታላላቅ ቤቶች ቆመው ሳሉ፥ በዙሪያቸው ያሉት የድሆችና የእጅ ሠራተኞች ረድፍ ቤቶች በጅምላ ተደመሰሱ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። አንድን ቤት ብቻውን መጠበቅ፥ ከቀለበት ላይ ፈርጡን ይዞ ቀለበቱን እንደ መጣል ያለ ነው። የአንድ መንገድ ውበት ከአንዱ ቤት አይገኝም፤ ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ከሚያያዙበት፥ ከጣራው ደረጃ፥ ከድንጋዩ ቀለም፥ ከዛፉና ከአጥሩ ይገኛል።

ይህን አሳብ ወደ ሕግ ያደረሱት ዳንከን ሳንድስ የተባሉ የፓርላማ ሰው ናቸው። እርሳቸው ያቀረቡት ሕግ በ1967 ጸደቀ፤ የየአገሩ ምክር ቤትም በሕንፃው ጥበብ ወይም በታሪኩ የከበረውን ሰፈር በሙሉ «የጥበቃ ክልል» ብሎ እንዲሰይም አዘዘ። በዚያው ዓመት በሊንከንሽር ያለችው የስታምፈርድ ከተማ የመጀመሪያዋ የጥበቃ ክልል ሆነች። ስታምፈርድ ከኖራ ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ያሏት፥ ከመካከለኛው ዘመን የቀሩ አምስት አብያተ ክርስቲያናት የቆሙባት ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ያሉት የጥበቃ ክልሎች ቍጥር ወደ 10,000 ይጠጋል። አሁን የሚሠራበት ዋናው ሕግ የ1990 ሕግ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው ክፍል የሰፈሩን ጠባይና መልክ ለመጠበቅ ወይም ለማሻሻል ልዩ ትኵረት እንዲያደርግ ያዝዛል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚኖር ሰው በቤቱ ላይ ክፍል መጨመር ቢፈልግ ምን ይሆናል? ሕጉ ትንሹን ነገር ሁሉ አይከለክልም። ከቤቱ በስተኋላ ባለ አንድ ፎቅ ክፍል ለመጨመር፥ ቤቱ ከጎረቤት ጋራ የተያያዘ እንደ ሆነ እስከ 3 ሜትር፥ ለብቻው የቆመ እንደ ሆነ እስከ 4 ሜትር ድረስ፥ የተወሰነውን ከፍታና ሌላውን ደንብ ከጠበቀ ልዩ ማመልከቻ አያስፈልገውም። ከጥበቃ ክልል ውጭ ጎረቤቶች ተጠይቀው ይህ ልክ እስከ 6 ሜትርና እስከ 8 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በክልሉ ውስጥ ግን ይህ አልተፈቀደም። በቤቱ ጎን ለመጨመር፥ በስተኋላ ከአንድ ፎቅ በላይ ለመሥራት፥ ጣራውን ከፍ አድርጎ ክፍል ለማውጣት፥ ወይም የውጭውን ግድግዳ በድንጋይ፥ በእንጨት ወይም በልስን ለመሸፈን፥ በጥበቃ ክልል ውስጥ ሁልጊዜ ማመልከት ያስፈልጋል። ምክር ቤቱ በልዩ ትእዛዝ መስኮትና በር መለወጥን እንኳ ከፈቃድ በታች ሊያደርግ ይችላል። ዛፍ ለመቍረጥም ቢሆን የስድስት ሳምንት ማስታወቂያ አስቀድሞ መስጠት ይገባል። ቤቱ ራሱ በመዝገብ የገባ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ሕጉ ይጠብቃል፤ የውስጡንም የውጭውንም ጠባይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊያደርስ ይችላል።

ማመልከቻው ከሥዕሉ ጋራ ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ምክር ቤቱም ለጎረቤቶች አሳውቆ፥ በሰፈሩም ማስታወቂያ አውጥቶ፥ ተቃውሞም ድጋፍም እንዲጻፍ ጊዜ ይሰጣል። በተለመደው ነገር ውሳኔው በስምንት ሳምንት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። የተከለከለ ሰው ይግባኝ ሊል ይችላል፤ ይግባኙን ከመንግሥት የተሾመ መርማሪ ያየዋል። ጎረቤት ሁሉ ሥዕሉን አይቶ ሊናገር መቻሉ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ፊቱን እያየ የሚያልፈው ያ ሁለተኛው ባለቤት ድምፁን የሚያሰማበት በር ይህ ነው።

የሕጉ ቃል ግን ከባድ ጥያቄ አስነሣ። «መጠበቅ ወይም ማሻሻል» ማለት ምን ማለት ነው? አዲሱ ሥራ ሰፈሩን ካላስጌጠ ይከልከልን? ወይስ ካልጎዳ ይበቃል? ይህ ጥያቄ የተፈታው ካርትሜል በምትባል መንደር ምክንያት ነው። ካርትሜል በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ፥ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በተመሠረተ ገዳም ዙሪያ ያደገች መንደር ናት። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ባፈረሰ ጊዜ የካርትሜል ቤተ ክርስቲያን የሕዝቡ ደብር ሆና ስለምታገለግል ከመፍረስ ዳነች። መንደሪቱ የጥበቃ ክልል ሆና ሳለች፥ የካርላይል ሀገረ ስብከት የካህናት መኖሪያ ቦርድ በቀድሞው የቄስ ቤት ግቢ ውስጥ ለደብሩ ቄስ አዲስ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀ። የወረዳው ምክር ቤት ከለከለ። መርማሪው ይግባኙን ተቀብሎ ፈቀደ። ምክር ቤቱም አልረካምና ነገሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት አልፎ በ1992 ከሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ።

ፍርዱን የተናገሩት ሎርድ ብሪጅ ናቸው። የፍርዱም አሳብ ይህ ነበር። አዲስ ሥራ ሰፈሩን ቢያስጌጥ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የሰፈሩን ጠባይና መልክ ሳይጎዳ እንደ ነበረ ቢተወው፥ ይህም ራሱ መጠበቅ ነው። ሥራው የሚጎዳ የሆነ እንደ ሆነ ግን ፈቃድ እንዳይሰጥ የሚከለክለው ግምት የበረታ ነው፤ ይህን ግምት የሚያሸንፈው ከዚያ የሚበልጥ የሕዝብ ጥቅም ሲገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ የካህናቱ ቦርድ ረታ።

ይህ ፍርድ ለአንድ ቄስ ቤት ብቻ የተፈረደ አይምሰላችሁ። ለዚያ ያረጁ ወላጆቹን ሊጦር አንድ ክፍል ለሚፈልገው ባለቤት ሁሉ የተፈረደ ነው። ጥበቃ ማለት ሰፈሩን እንደ ሬሳ አድርቆ ማስቀመጥ እንዳልሆነ አስረዳ፤ ሰው ይኖርበት ዘንድ ያልተፈቀደ ቤት ባዶውን ቀርቶ በመጨረሻው ይፈርሳልና። እንደዚሁም ባለቤቱን «አንተ የምትጨምረው ቀድሞ የነበረውን ይጎዳልን?» ብሎ የሚጠይቅ ሚዛን ሰጠ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ቤቱን፥ ጎረቤቱን፥ መንገዱን ሁሉ ቆሞ ማየትን ይጠይቃል።

ሕጉ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ለሥዕልና ለማመልከቻ የሚወጣው ገንዘብ ለድኻ ይከብዳል፤ በአንዱ ከተማ የተፈቀደው በሌላው ሊከለከል ይችላል። አዋቂዎቹም ራሳቸው አይስማሙም። ከፊሎቹ የሞሪስን ትምህርት ይዘው አዲሱ ክፍል አዲስ መሆኑ ይታወቅ ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በቀድሞው ድንጋይና በቀድሞው አሠራር ካልተሠራ የመንገዱ አንድነት ይሰበራል ይላሉ። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው፤ ምናልባትም መልሱ እንደ ቤቱ ሁኔታ የሚለያይ ነው። ይሁን እንጂ በ2009 የእንግሊዝ የቅርስ ጠባቂ ድርጅት የጥበቃ ክልሎችን ሁኔታ ባስመረመረ ጊዜ፥ ከጉዳቶቹ ሁሉ ፊተኛ ሆኖ የተገኘው ትልቅ ሕንፃ አልነበረም። የእንጨቱን መስኮትና በር አውጥቶ የፕላስቲክ መተካት ነበር። እያንዳንዱ ባለቤት የለወጠው አንድ መስኮት ነው፤ ብርድ እንዳይገባበት ብሎ እንጂ በክፋት አላደረገውም። ዳሩ ግን መቶ ቤት መቶ ጊዜ አንድ አንድ መስኮት ሲለውጥ መንገዱ ጠፋ። እሳትና ቦምብ በግልጽ ያፈርሳሉ፤ ትንሹ ለውጥ ግን ማንም ሳያለቅስለት ያፈርሳል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ለእኛም የሚናገረው ነገር አለ። በአገራችን በብዙ ስፍራ ክብ የሆኑት አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳናቸው ወርዶ ቆርቆሮ ተተክቷል። ያደረጉት ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ ሣር በየጊዜው መታደስ አለበት፥ እሳትም ይፈራል። ይሁን እንጂ ከሣሩ ጋራ የከዳኙ ጥበብ አብሮ ይሄዳል፤ ክዳኑ በተለወጠ ጊዜም ከታች ያለው አሮጌ ግድግዳና ሥዕል እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ መመርመር ይገባል። በ2006 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በሐረር ጁገል ውስጥም፥ በጥንታዊ ቤት የሚኖረው ቤተ ሰብ ክፍል ለመጨመር ሲያስብ የሚነሣው ጥያቄ የካርትሜል ጥያቄ ነው። ሕግም የለንም አይባልም። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209፥ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ ሁሉ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል።

የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለው የአገራችን ተረት የታወቀ ነው። በታሪክ እንዳየነው ግን ብዙ ጊዜ የአባት ቤት የሚጠፋው በዘራፊ እጅ አይደለም፤ ሊያስጌጠው በወደደ ልጅ እጅ ነው። ስለዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ሲደርስ፥ ሕዝቡም በደስታ ገንዘብ ሲያዋጣ፥ ሕንፃውን እንጨምርበት ወይም እናድሰው የሚል አሳብ ሲነሣ፥ መሐንዲስ ከመጠራቱ በፊት ካህናቱና ምእመናኑ በአንድነት ቆመው ሕንፃውን ይዩት። የትኛው ግድግዳ በማን ዘመን ተሠራ? የትኛው ሥዕል ከየትኛው ልስን በታች አለ? የምንጨምረውስ የቀደመውን ይጎዳልን? ይህን ጠይቆ፥ ዐዋቂ አማክሮ፥ ፈቃዱንም ተቀብሎ የሚሠራ ደብር ቤቱን ያሰፋል፤ አባቶቹንም አያሳፍርም። ከኀምሳ ዓመት በኋላ ሌላ ኢዮቤልዩ የሚያከብሩት ልጆችም፥ የአባቶቻቸውን እጅና የእኛን እጅ በአንድ ግድግዳ ላይ ለይተው ያነባሉ።